የመታወቂያችን ኮፒ የት ይሄዳል?

ባለፈው ሰሞን እዚህ ጎንደር ፒያሳ ላይ ከአንዲት እናት የሃያ ብር ቆሎ ገዛሁ። በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። እየቆረጠምኩ ወደ አራዳ ሳቀና ጥቅሉ ላይ የሰው ፊት አየሁ። ቆሎውን ኪሴ ገለበጥኩና ወረቀቱን ዘረጋሁት። የቀበሌ መታወቂያ ፎቶ ኮፒ ነው። የአንዲት ሴት ሙሉ ስም አለ፣ የትውልድ ዘመን አለ፣ የቤት ቁጥር አለ፣ የደም ዓይነት አለ፣ በአደጋ ጊዜ የሚጠራው ሰው ስምና ስልክ ሳይቀር አለ። ማኅተሙ ደብዝዟል እንጂ ይነበባል።

ሴትዮዋን አላውቃትም። ቤቷን ግን በዚያው ቀን ማግኘት እችል ነበር። ልጇን ይሁን ባሏን ደውዬ በስሟ የፈለግኩትን ማውራት እችል ነበር። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩትና ማታ ቤት ስገባ አቃጠልኩት። ቆሎ ሻጯ ምን ያድርጉ፣ ወረቀት በኪሎ ነው የሚገዙት። ሴትዮዋም የሆነ ቦታ ጉዳይ ነበራት፣ «ኮፒ አምጪ» ተባለች፣ አመጣች። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ የት እንደሚሄድ የጠየቀ የለም። እሷም አልጠየቀችም። እኔም ስንትና ስንት ቦታ ኮፒዬን ሰጥቼ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ይህን የምጽፈው ሰሞኑን ሰፈር ውስጥ የፋይዳ፣ የአዲሱ ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ፣ ወሬ ስለበዛ ነው። ቡና ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ «ምን የምደብቀው አለኝና ነው፣ ይውሰዱት» ይላል። ሌላው «ዓይናችንን ድረስ የሚያነሱት ለምን ፈልገው ነው» ብሎ ይሸሻል። ለሁለቱም የሚሆን መልስ ያለ ይመስለኛል፤ ግን መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ በደንብ ማወቅ አለብን።

ከአሮጌው እንጀምር። ቀበሌ ራሱ የመጣው በ1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወርስ ነው። ከዚያ ወዲህ የከተማ ሰው ማንነቱ የሚረጋገጠው በቀበሌ ነው። ማኅደራችሁ በካርቶን ተጠርዞ እዚያ ካቢኔት ውስጥ ይቀመጣል። ማራኪ ሰፈር ያለው ካቢኔት አዘዞ ሰፈር ካለው ካቢኔት ጋር አይነጋገርም። በዚህ ምክንያት አንድ ሰው ሁለት ቦታ ሁለት መታወቂያ ሊያወጣ ይችል ነበር፣ በሰው ስም ብድር የሚወስድም ነበር። በሌላ በኩል ግን የአንድን ሰው ኑሮ ከየካቢኔቱ ለቅሞ አንድ ላይ ለመደርደር የሚፈልግ ሰው ብዙ መንከራተት ነበረበት። ያ መንከራተት፣ ማንም አስቦበት ባይሠራውም፣ ይጠብቀን ነበር።

ፋይዳ ይህን ቀየረው። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 ነው መሠረቱ። ስትመዘገቡ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ፆታና አድራሻ ይጠየቃል። ስልክም ይመዘገባል። ከዚያ የአስሩም ጣት አሻራ፣ የሁለቱም ዓይን ብሌንና የፊት ፎቶ ይነሳል። ብሔርና ሃይማኖት አይጠየቅም። እዚህች ጋ ትንሽ ልቁም፣ ምክንያቱም ትልቅ ነገር ነው። ብዙ የቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር የሚል መስመር ነበር። ሩዋንዳ ውስጥ ቤልጂጎች ከ1933 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መታወቂያ ላይ ሁቱ፣ ቱትሲ እያሉ አስጻፉ። በ1994 ኬላ ላይ የቆመው ገዳይ ሰውየው ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገውም፣ መታወቂያውን ማየት በቃው። መስመሯ ስትጻፍ ለመግደል ታስባ አልነበረም፤ ስድሳ ዓመት ሙሉ የቢሮ ሥራ ነበረች። ስለዚህ አንድ ሰው «ይህን መረጃ መሙላት ምን ጉዳት አለው» ሲላችሁ፣ ዛሬ ያለውን ጉዳት ብቻ አትቁጠሩ። ቅጹ ከሞላው ሰውም ካስሞላው ሰውም በላይ ዕድሜ አለው።

አሁን አሠራሩን በቀላሉ ላስረዳ። ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ፣ ሰው ግን አንድ ያደርጋቸዋል። አንደኛው ምዝገባ ነው። አሻራችሁ ሲገባ ሲስተሙ ቀድሞ ከተመዘገበው ሰው ሁሉ ጋር ያስተያየዋል። የእድር ጸሐፊ አዲስ አባል ሲመጣ መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ገልጦ «ይህ ሰው በሌላ ስም ገብቶ ይሆን?» እንደሚለው ነው። ሁለተኛው ማረጋገጥ ነው። ባንክ ሄዳችሁ «እኔ እገሌ ነኝ» ስትሉ የሚታየው የእናንተ መስመር ብቻ ነው፤ ይመሳሰላል ወይስ አይመሳሰልም። በደንብ የተሠራ ማረጋገጫ የሚመልሰው «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ ነው። ባንኩ አሻራችሁን ወስዶ ቤቱ ማስቀመጥ አያስፈልገውም። ይህን ካወቃችሁ፣ አንድ ቦታ «አረጋግጠን ጨርሰናል፣ ግን ኮፒም ስጠን፣ ፎቶም እናንሳህ» ሲሉ ለምን ብሎ መጠየቅ ተገቢ እንደሆነ ይገባችኋል። አዎ የሚለው መልስ ከመጣላቸው ኮፒው ለምናቸው ነው?

ቁጥሮቹም ሁለት ናቸው። ባለ 12 አሃዙ ዋናው ነው፣ ዕድሜ ልካችሁን አብሯችሁ የሚኖረው። ባለ 16 አሃዙ ደግሞ ለየዕለቱ ጉዳይ የሚሰጥ ተለዋጭ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፦ ለሰው የምትሰጡት ተለዋጩን፣ የምትደብቁት ዋናውን። ችግሩ ሰው ይህን አያውቅም። ካርዱን በፊትም በጀርባም አንስቶ በቴሌግራም ለደላላ ይልከዋል። ለቤት ኪራይ፣ ለሥራ፣ ለምናምን። አንድ ጎረቤቴ ለአምስት ደላላ ልኳል፣ ከአምስቱ የአንዱንም ስም አያውቅም።

ብዙ ሰው አሻራና ዓይን ላይ የሚፈራው በደመ ነፍስ ነው፣ ግን ፍርሃቱ መሠረት አለው። የስልካችሁ የሚስጥር ቁጥር ቢሰረቅ ትቀይሩታላችሁ። የባንክ ካርድ ቢጠፋ ይዘጋል፣ ሌላ ይወጣል። አውራ ጣት ግን አይቀየርም። ዛሬ ሃያ ዓመት የሆነው ልጅ የሰጠው አሻራ ሰባ ዓመት ሲሞላውም ያው ነው። ስለዚህ አሻራን የሚያስቀምጥ አካል የሚሸከመው ኃላፊነት ወረቀት ከሚያስቀምጠው ጋር አይወዳደርም። ደግሞ የቤቱ በር ሁሌ የሚሰበረው ከውጭ ነው ብላችሁ አታስቡ። ሕንድ ውስጥ ከቢሊዮን በላይ ሕዝብ የመዘገበ አዳር የሚባል ሥርዓት አለ። በ2018 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንዲት ጋዜጠኛ 500 ሩፒ ብቻ ከፍላ የሰዎችን ስምና አድራሻ የሚያሳይ መግቢያ አገኘች። ኮምፒውተር ሰብሮ የገባ አልነበረም። የመግቢያ ፈቃድ በእጁ የገባ ሰው ሸጠላት።

«ምን የምደብቀው አለኝ» ለሚሉት ወዳጆቼ አንድ ነገር ልበል። ግላዊነት የሚለው ቃል ከባድና የመጽሐፍ ቃል ሆኖባችሁ ይሆናል፣ ነገሩ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ገመና እንለዋለን። ለንስሐ አባታችን የምንነግረውን ለእድር ዳኛ አንነግርም። ለሐኪም ያሳየነውን ለቤት አከራይ አናሳይም። ለወንድማችን ስንት ብር እንደላክን ጎረቤት ባያውቅ ደስ ይለናል። ከነዚህ አንዱም ወንጀል የለበትም። እያንዳንዱ ነገር የተነገረበት ቦታ አለው፣ ከዚያ ቦታ ሲወጣ ነው የሚጎዳው። እና አንድ ቁጥር የባንክ ሒሳባችሁን፣ ስልካችሁን፣ የግብር ፋይላችሁን፣ የሕክምና ካርዳችሁን ሁሉ ሲያስተሳስር፣ ለሐኪም፣ ለባንክና ለግብር ሰብሳቢ የተነገረው አንድ ጠረጴዛ ላይ ሊቀመጥ የሚችልበት መንገድ ተከፈተ ማለት ነው። ይቀመጣል አላልኩም። መንገዱ ግን አለ፣ የሚዘጋውም ሕግ ብቻ ነው።

ሌላም ዱካ አለ። ማንነታችሁ በሲስተም በተረጋገጠ ቁጥር፣ ማን እንደጠየቀ፣ በስንት ሰዓት እንደጠየቀ መዝገብ ይቀራል። ይህ መዝገብ ለጥሩም ይሆናል፤ ሌባ ቢገባ የሚያዘው በሱ ነው። ኢስቶኒያ ውስጥ ዜጋው ራሱ ገብቶ የትኛው መሥሪያ ቤት መረጃውን እንዳየ ማየት ይችላል፤ ያለ ምክንያት ካዩት ይጠይቃል። እኔ የምመኘው ይህን ነው። መንግሥት እኛን የሚያይበት መስኮት ካለ፣ እኛም ማን እንዳየን የምናይበት መስኮት ይኑረን።

አሁን ደግሞ ብዙ የማይወራለትን ላንሳ። መታወቂያ የሌለው ሰውስ? አክስቴ ሳሙና በር ነው የምትኖረው። ለአርባ ዓመት እንጀራ ስትጋግር ምጣዱ ላይ የከረሙ ጣቶች ናቸው ያሏት። ልትመዘገብ ሄድን። መዝጋቢዋ ትሑት ልጅ ነበረች፤ «እማማ፣ ትንሽ ጫን ያድርጉት» ትላለች፣ አክስቴ ትጫናለች፣ ማሽኑ እንቢ ይላል። በሶፍት ጠረግን፣ ቅባት ቀባን፣ እንደገና ሞከርን። ግራ እጅ እሺ አለ፣ የቀኙ ሁለት ጣት አልሆነም። ዓይኗም ሞራ ጀምሮታል። ልጅቷ በመጨረሻ «ጉድለት» የሚል ቦታ ላይ ሞልታ አሳለፈቻት፣ እግዜር ይስጣት። አክስቴ ስንወጣ የነገረችኝ አይረሳኝም፤ «ጣቴን ሥራ በላው፣ አሁን ደግሞ ጣትሽ የለም ልባል ነው እንዴ?» አለች። ገበሬው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ድንጋይ ጠራቢው፣ ሁሉም እንደዚያው ናቸው። ሥርዓቱ ለእነሱ መውጫ አለው፣ ሰነድ ለሌለው ሰውም በምስክር መመዝገብ ይቻላል። ነገር ግን መውጫው የሚሠራው መዝጋቢዋ ትዕግሥት ካላት ነው። ትዕግሥት ያላት መዝጋቢ ባትገጥመንስ?

ኔትዎርክም አለ። በክልላችን ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት እንዴት እንደቆየን የጎንደር ሰው ከኔ መስማት አያስፈልገውም። ማንነትን በመስመር የሚያረጋግጥ ሥርዓት መስመሩ ሲቆረጥ ምን ይሆናል? ደመወዝ፣ ሕክምና፣ ስንቅ የሚያገኙት «ሲስተም ሲመጣ» ከሆነ፣ ኢንተርኔት መዝጋት ሰውን ሰው እንዳልሆነ ያህል ማድረግ ይሆናል። ስለዚህ ያለ ኔትዎርክ የሚሠራ መንገድ፣ በወረቀትም ቢሆን በኪው አር ኮድም፣ ሁልጊዜ መኖር አለበት። እኔ በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ኬላውንም እዚሁ ላንሳው። ከጎንደር ወደ የትም ብትወጡ መታወቂያ ትጠየቃላችሁ። መታወቂያ የያዘ ያልፋል፣ ያልያዘ ይወርዳል። ጸጥታ አስፈላጊ ነው፣ ማንም አይክድም። ግን ወረቀት የጠፋበት ተፈናቃይ፣ ካርዱ ከቤቱ ጋር የተቃጠለበት ሰው፣ ካርድ ስለሌለው ብቻ እንደ ተጠርጣሪ መታየት የለበትም። ካርዱ የመጣው ሰው እንዲታወቅ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ የግል ሕይወት፣ ግላዊነት፣ የመከበር መብት ብሎ አስቀምጦታል። የደብዳቤም የስልክም የኤሌክትሮኒክስ ግንኙነትም አይደፈርም ይላል፤ መገደብ የሚቻለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖር፣ በሕግ ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጣ። ይህን አዋጅ ብዙ ሰው አያውቀውም፣ እኔም ያገኘሁት የቆሎው ወረቀት አናዶኝ ስፈልግ ነው። መረጃችሁን የሚሰበስብ አካል ለምን እንደሚሰበስብ ሊነግራችሁ ይገባል። ለአንድ ጉዳይ የወሰደውን ለሌላ ጉዳይ እንዳሻው መጠቀም የለበትም። ስለ እናንተ ምን እንደያዘ የመጠየቅ፣ ስህተቱን የማሳረም፣ ካላስፈለገ የማስጠፋት መብት አላችሁ። መረጃው ከሾለከ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው ማሳወቅ አለበት። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

አዋጁ ጥሩ ነው። ሁለት ነገር ግን ያሳስበኛል። አንደኛ፣ ተቆጣጣሪው ራሱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፣ ከፍተኛው መረጃ ሰብሳቢም መንግሥት ነው። ሁለተኛ፣ ፈቃድ የሚባለው ነገር። አዋጁ ፈቃድ ስትሰጡ በነፃነት ይሁን ይላል። ታዲያ ወረፋ ተሰልፋችሁ፣ ከኋላ ሃያ ሰው ቆሞ፣ «እዚህ ጋ ፈርሙ» ስትባሉ፣ ካልፈረማችሁ ጉዳያችሁ የሚቀር ከሆነ፣ ያ ፈቃድ ነው? አዲስ አበባ ላይ ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳ ግዴታ ሆኗል፣ ወደ ሌላውም ከተማ እየሰፋ መጥቷል። ማጭበርበርን ይቀንሳል፣ እሱ እውነት ነው። ግዴታ ሲሆን ግን የፈቃድ ጥያቄው አበቃ ማለት ነው፣ የሚቀረው ጥበቃው ምን ያህል ጠንካራ ነው የሚለው ብቻ ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን ክርክር ፍርድ ቤት አድርሰውታል። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኝ ዳኛ አስቀምጦ በ2017 እ.ኤ.አ. ግላዊነት መሠረታዊ መብት ነው አለ፤ በዓመቱ ደግሞ አዳርን ሳያፈርስ፣ ባንክና የስልክ ኩባንያ ግን ሰውን ሊያስገድዱበት አይችሉም ብሎ ወሰነ። ኬንያ ሁዱማ ናምባ የሚባል ምዝገባ ጀምራ ነበር። በጃንዋሪ 2020 ፍርድ ቤቱ የዘረመልና የመኖሪያ ቦታ መጋጠሚያ መሰብሰብ ክልክል ነው፣ የጥበቃ ሕግ ሳይሟላም አይቀጥልም አለ። በ2021 ደግሞ ቀድሞ መደረግ የነበረበት የጉዳት ግምገማ አልተደረገም ብሎ ካርዱን ማውጣቱን አገደው። የሁለቱም አገር ፍርድ ቤቶች መታወቂያ አይኑር አላሉም። ገደብ ይኑረው ነው ያሉት።

እና እዚህ ከተማችን ውስጥ፣ ፍርድ ቤት ሳንደርስ፣ በየዕለቱ የሚያልፉን ነገሮች አሉ። ለጥምቀት እንግዳ ሲበዛ የፔንሲዮን መመዝገቢያ ደብተር ባንኮኒ ላይ ተገልጦ ይውላል። ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ስልክ፣ ከየት እንደመጣ፣ ክፍል ቁጥሩ ጭምር። ከሱ በኋላ የሚመዘገበው ሰው ሁሉ ያነበዋል። ሴት ልጅ ብቻዋን ክፍል 7 እንዳረፈች ደብተሩን ያየ ሁሉ ያውቃል። ደብተሩን በካርቶን ሸፍኖ የራስን መስመር ብቻ ማሳየት ስንት ብር ያስወጣል?

ፎቶ ኮፒ ቤቶችም እንዲሁ። ተበላሽቶ የወጣው ኮፒ ቅርጫት ውስጥ ይገባል፣ ቅርጫቱ ሲሞላ ይሸጣል። መልሳችሁ ተቀበሉት፣ ቅደዱት። ስካን ካስደረጋችሁ ደግሞ ፋይሉ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ነው የሚቀረው፤ እናንተ እያያችሁ ይጥፋ፣ ከቆሻሻ መጣያውም ጭምር። ስልክ ተደውሎ «ከፋይዳ ነው፣ ከባንክ ነው፣ አሁን የተላከልዎትን ቁጥር ይንገሩን» ከተባላችሁ ዝጉት። ያ ቁጥር የእናንተ ፊርማ ማለት ነው፤ ለሰው አይነገርም። እናቶቻችንን ይህን ንገሯቸው፣ በተለይ እነሱን ነው የሚያጠምዱት። በር ላይ ደግሞ ጥበቃው መታወቂያ ካስቀረ፣ ስትወጡ የተመለሰላችሁ የራሳችሁ መሆኑን እዩ። ሳጥኑ ውስጥ የሃምሳ ሰው ካርድ ነው ያለው።

እኔ አሁን የያዝኩት ልማድ አንድ ነው። ኮፒ ስጥ ስባል ፊቱን ሳልነካ ወረቀቱ ላይ በሰያፍ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ፤ ለምን ጉዳይ እንደተሰጠ፣ ለማን፣ በስንት ቀን። «ለዚህ ጉዳይ ብቻ» ብዬ እጨምራለሁ። ማንም ወስዶ ለሌላ ነገር ሊጠቀምበት ቢል ይቸገራል። ባለፈው ሐሙስ አንድ ቢሮ ይዤ ሄድኩ። ልጁ አገላበጠው።

«ወንድሜ፣ ይሄን ምን ብለህ ነው የሞነጫጨርክበት?»

ነገርኩት። የቆሎውንም ወረቀት ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና መሳቢያውን ስቦ ከላይ ያለውን የኮፒ ክምር አየ። ከዚያ የኔን ማኅተም አድርጎ ተቀበለኝ።

«ጉዳይህ ሲያልቅ ና፣ ኮፒውን ትወስደዋለህ» አለኝ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ እሄዳለሁ።